የሆላንዳዊ ሰፋሪ ዘር እንዴት ይቆጠራል፦ ከአማቴ ሳሎን እስከ 1637

የልጆቼ አባት በእናቱ ወገን ዋይኮፍ ነው። ይህ ስም በብሩክሊንና በኒው ጀርሲ ሞልቷል። የፊደል አጣጣሉ ከቤት ቤት ቢለያይም፣ በስሙ የሚጠሩት ቤተሰቦች የዘር ሐረጋቸውን ወደ አንድ ሰው ይመልሳሉ፦ በ1637 ገና ጎረምሳ ሳለ በመርከብ ወደመጣው ፒተር ክላሰን። እኔ ጎንደር ያደግኩ ነኝ። አባቴ ማታ ማታ ሰባት ቤት ያስቆጥሩን ነበር። ልጆቼ በእኔ በኩል ሰባት ቤት ወጥተው በአባታቸው በኩል ሴት አያታቸው ላይ ሲቆሙ አላስቻለኝም። ስለዚህ ቁጭ ብዬ ቆጠራውን ጀመርኩ።

ይህን የምጽፈው ትዳር ወይም ልጅ ከእንዲህ ያለ ቤተሰብ ጋር ላገናኛችሁ ነው። እንዲሁ የጥንቷ ኒው ዮርክ ታሪክ የሚያጓጓችሁም አንብቡት። ዓመቶቹ ሁሉ በአውሮፓ አቆጣጠር ናቸው።

አንድ ነገር አስቀድሜ ልበል። በዚህ ሥራ አበሻ መሆን ይረዳል። አብዛኛው አሜሪካዊ የሚፈልገው የቤተሰብ ስም ነው። የቀድሞዎቹ ሆላንዶች ግን እንደኛው በአባት ስም ነበር የሚጠሩት። ስለዚህ በየደረጃው «ይህ ሰው የማን ልጅ ነው?» ብሎ መጠየቅ ያስፈልጋል። መልሱን ደግሞ በወረቀት ማስያዝ። ሌላው ሁሉ የዚህ ዝርዝር ነው።

መጀመሪያ ዘመኑን እወቁ

ሄንሪ ሃድሰን ለሆላንዶች ተቀጥሮ ዛሬ በስሙ የሚጠራውን ወንዝ በመርከብ የወጣው በ1609 ነው። የምዕራብ ህንድ ኩባንያ በ1621 ተቋቋመ፤ በ1624 የመጀመሪያዎቹ ቤተሰቦች ደረሱ። ግዛቱ ኒው ኔዘርላንድ፣ ዋናዋ ከተማ በማንሃተን ደቡብ ጫፍ ያለችው ኒው አምስተርዳም ተባለች። በ1664 እንግሊዞች ያለ ውጊያ ወሰዷት፣ ስሟም ኒው ዮርክ ሆነ። በ1673 ሆላንዶች መልሰው ያዟት፤ በ1674 ግን ለመጨረሻ ጊዜ አስረከቡ።

ይህን የምነግራችሁ የመዝገቡ ቋንቋና ጸሐፊው የሚለወጡት በዚህ ስለሆነ ነው። ፍርድ ቤቱ ወደ እንግሊዝኛ ዞረ። የደች ሪፎርምድ ቤተ ክርስቲያን ግን ከዚያ በኋላ ከመቶ ዓመት በላይ በደች፣ ማለትም በሆላንዶች ቋንቋ፣ መዝግባለች። አንድ ሰው በፍርድ ቤት ወረቀት አንድ ስም፣ በቤተ ክርስቲያን ወረቀት ሌላ ስም ይዞ ብታገኙት አትደንግጡ።

ከቤት ጀምሩ

በቀጥታ 1637 ላይ አትዝለሉ። የምትጀምሩት በሕይወት ካሉት ነው። አማቴ ሳሎን ውስጥ የአያቷ መጽሐፍ ቅዱስ አለ። በብሉይና በሐዲስ ኪዳን መካከል የልደት፣ የጋብቻና የሞት ገጾች አሉት። እንዲህ ያለ መጽሐፍ ካለ መጀመሪያ ፎቶ አንሱት፤ የኅትመት ዓመቱ ያለበትን ገጽም ጭምር። መጽሐፉ በ1880 ታትሞ ውስጡ የ1790 ልደት ካለ፣ ያ ጽሑፍ ከሌላ ቦታ የተገለበጠ ነው ማለት ነው። ከዚያ ሽማግሌዎቹን ስለ መንደር፣ ስለ ቤተ ክርስቲያንና ስለ መቃብር ጠይቁ። ስም ይምታታል፤ ቦታ ብዙም አይምታታም።

ቀጥሎ የሕዝብ ቆጠራ አለ። በአሜሪካ በየ10 ዓመቱ ይካሄዳል፣ ዝርዝሩ ለሕዝብ የሚከፈተው ከ72 ዓመት በኋላ ነው። አሁን እስከ 1950 ያለው ክፍት ነው። የ1890ው በአብዛኛው በእሳት ጠፍቷል። ነፃ የሆነ የቤቱ ነዋሪ ሁሉ በስም የተጻፈው ከ1850 ጀምሮ ነው። ከዚያ በፊት የሚታየው የቤቱ አባወራ ስም ብቻ፣ ሌላው ቁጥር ነው። ፋሚሊሰርች በሚባለው ድረ ገጽ ይህን ሁሉ በነፃ ታያላችሁ።

ከ1850 ወደ ኋላ ድልድዩ ኑዛዜ ነው። ኑዛዜ ውስጥ ሴት ልጆች ከነባሎቻቸው ስም ይጠቀሳሉ፤ ይህ ሌላ ቦታ በቀላሉ አይገኝም። የመሬት ሽያጭ ውልም እንደዚያው ነው። ወንድማማቾች የአባታቸውን መሬት ሲሸጡ አባታቸውን ይጠሩታል።

ቤተሰቡ በድንገት ከአንድ ቦታ ቢጠፋ የሄደበትን መንገድ አስቡ። የሎንግ አይላንድ ሆላንዶች ልጅ ሲበዛባቸውና መሬት ሲጠባቸው፣ ከ1690ዎቹ ጀምሮ ወደ ኒው ጀርሲ ተሻገሩ፤ ብዙዎቹ ወደ ራሪታን ወንዝ ሸለቆና ወደ ሞንማውዝ። ከዚያ የተወሰኑት ወደ ፔንሲልቬኒያ፣ ከዚያም ወደ ኬንታኪ ሄዱ። በሄዱበት ሁሉ ቤተ ክርስቲያን ያቆማሉ። ቤተ ክርስቲያኑን ካገኛችሁ ሰውየውን አገኛችሁት ማለት ነው።

የአባት ስም

ፒተር ክላሰን ማለት የክላስ ልጅ ፒተር ነው። የእሱ ልጅ ክላስ ደግሞ ክላስ ፒተርሰን ይባላል። ይህ ለኛ ምኑም አይከብድም። አሜሪካዊ ተመራማሪ ግን ክላሰንና ፒተርሰን የሚባሉ ሁለት የማይገናኙ ቤተሰቦች ያሉ እየመሰለው ስንት ጊዜ ያልፋቸዋል።

ሴቷም ስታገባ የአባቷን ስም አትለቅም፤ ይህም እንደኛው ነው። ልጇ ሲጠመቅ የምትጻፈው በራሷ ስም ነው። በዚህም የእናት አባት ስም በነፃ ይመጣላችኋል። እንግሊዞች በሚጽፉት ወረቀት ግን ያቺው ሴት በባሏ ስም ትዋጣለች። ስለዚህ የሴቶቹን መስመር የምትፈልጉ ከሆነ የቤተ ክርስቲያን መዝገብ ላይ ቆዩ።

ሌላው የስም አወጣጥ ልማድ ነው። የመጀመሪያው ወንድ ልጅ በአንዱ አያት፣ ሁለተኛው በሌላው አያት ስም ይጠራል። ሴቶቹም በአያቶቻቸው። ልጅ ከሞተ ስሙ ለሚቀጥለው ይሰጣል፤ በአንድ ቤት «ያን» የሚባሉ ሁለት ልጆች ብታዩ አንደኛው በልጅነቱ ሳይሞት አልቀረም። የፒተርን ቤት እንይ። ሚስቱ ግሪትዬ ቫን ነስ ናት፤ አባቷ ኮርኔሊስ፣ አያቷ ሄንድሪክ። አሥራ አንድ ልጆች ወለዱ። የወንዶቹ ተራ በክላስ ይጀምራል፣ ኮርኔሊስ ይከተላል፣ ሄንድሪክ ይቀጥላል። የፒተር አባት፣ የግሪትዬ አባት፣ የግሪትዬ አያት። ዝርዝሩን ሳየው ደስታው ሌላ ነበር። ግን ይህ ጥቆማ ነው እንጂ ማስረጃ አይደለም። ልማዱን ያልጠበቀ ቤት ብዙ ነው።

የእንግሊዝ ጸሐፊ ስሙን ወደ ራሱ አፍ እንደሚያመጣውም አትርሱ። ክላስ ኒኮላስ ይሆናል፣ ግሪትዬ ማርጋሬት፣ ትራይንትዬ ካትሪን፣ ቴኒስ አንቶኒ፣ ዲርክ ሪቻርድ። ስትፈልጉ ሁሉንም ሞክሩ።

የጥምቀት መዝገብ አነባበብ

የዚህ ሥራ ልብ እዚህ ነው። የኒው አምስተርዳም ቤተ ክርስቲያን የጋብቻና የጥምቀት መዝገብ ከ1639 ጀምሮ አለ። የብሩክሊንና የኪንግስተን ከ1660፣ የፍላትቡሽ ከ1677፣ የኦልባኒ ጥምቀት ከ1683 ይጀምራል። አብዛኛው ተገልብጦ ታትሟል። የኒው ዮርክ የዘርና የሕይወት ታሪክ ማኅበር በ1869 ተቋቁሞ በመጽሔቱ ብዙውን አውጥቷል።

ገጹ ላይ የምታዩት እንዲህ ነው። በግራ ቀኑ አለ። ቀጥሎ የአባትና የእናት ስም። ቀጥሎ የሕፃኑ ስም፣ አንድ ቃል ብቻ። በቀኝ ጫፍ ምስክሮቹ። ብዙ ሰው የወላጆቹን ስም ጽፎ ገጹን ይዘጋል። እናንተ ግን ቀኙን አንብቡ። ምስክር ማለት የኛ የክርስትና አባትና እናት እንደማለት ነው፤ አብዛኛውን ጊዜ አያት፣ አጎት ወይም አክስት ናቸው። የአንድ ቤት ልጆችን ጥምቀት በተራ አስቀምጡና ምስክሮቹን ብቻ ዘርዝሩ። ሁለትና ሦስት ጊዜ የሚመላለስ ስም ካለ ዘመድ ነው ብላችሁ ፈልጉት። ሁለት ያን ፒተርሰኖች በአንድ መንደር ሲኖሩ የሚለዩትም በዚህ ነው፤ ስማቸው አንድ ነው፣ ዘመዶቻቸው ግን ይለያያሉ።

ቀኑንም እንዳለ ገልብጡ። የሆላንድ ክፍለ ሀገር የግሪጎሪያንን አቆጣጠር የያዘው በ1583 ነው። እንግሊዝና ቅኝ ግዛቶቿ ግን እስከ 1752 በጁሊያን ቆዩ፣ ዓመታቸውም የሚለወጠው መጋቢት 25 ላይ ነበር። በመካከሉ ያለው ልዩነት በ17ኛው ክፍለ ዘመን 10 ቀን፣ ከ1700 በኋላ 11 ቀን ነው። የካቲት 1698 ተብሎ የተጻፈ ልደት በዛሬው አቆጣጠር 1699 ሊሆን ይችላል። በሁለት የዘመን አቆጣጠር ላደገ ሰው ይህ አዲስ ነገር አይደለም። ዋናው ነገር ራሳችሁ አለማረማችሁ ነው፤ መጀመሪያ የተጻፈውን፣ ከጎኑ የእናንተን ስሌት።

የ1687 መሐላ

ለኪንግስ ካውንቲ፣ ማለትም ለዛሬው ብሩክሊን፣ ከሁሉ የምወደው ወረቀት ይህ ነው። በ1687 የካውንቲው ወንዶች ለእንግሊዝ ንጉሥ ቃለ መሐላ እንዲፈጽሙ ተጠሩ። ጸሐፊው ስማቸውን በየመንደሩ ጻፈ። ከእያንዳንዱ ስም ጎን በዚህ አገር ስንት ዓመት እንደኖረ አለ። እዚሁ የተወለደ ከሆነ ተወላጅ ይላል።

የፒተር መስመር ላይ 51 ዓመት ይላል። 51 ከ1687 ሲቀነስ 1636 ነው። ሬንሴላርስዋይክ የምትባለው መርከብ ከሆላንድ የተነሳችው በ1636 መኸር ነው፤ ማንሃተን የደረሰችው በመጋቢት 1637። ያ ሽማግሌ ከነበረበት ሆኖ ዓመቱን በትክክል ቆጥሮ ነግሯቸዋል። ዋይኮፍ የሚለውን ስም የያዘውም በዚሁ ዘመን ነው፤ እንግሊዞች የማይለወጥ የቤተሰብ ስም ይፈልጉ ነበርና። በወጣትነቱ ወረቀቶች ላይ ዋይኮፍ ብላችሁ ብትፈልጉ አታገኙትም። ፒተር ክላሰን ብላችሁ ነው መፈለግ ያለባችሁ።

የእናንተ ሰው የሚኖረው በሌላ ካውንቲ ከሆነ የግብር ዝርዝሮችን ፈልጉ። ለኪንግስም የ1675፣ የ1676 እና የ1683 አሉ። በ1698 ደግሞ ቆጠራ ተካሂዷል።

ባሕሩን መሻገር

ብዙ ሰው እዚህ ይወድቃል። የምዕራብ ህንድ ኩባንያ የድሮ ወረቀቶች አብዛኞቹ በ1821 ሆላንድ ውስጥ እንደ ተራ የወረቀት ቁሻሻ በጨረታ ተሸጡ። ስለዚህ የተሟላ የመንገደኞች ዝርዝር የለም። ኦልባኒ የነበሩት የቅኝ ግዛቱ ወረቀቶችም በ1911 የኒው ዮርክ ስቴት ቤተ መጻሕፍት ሲቃጠል ለጥቂት ተረፉ። የሆላንዶቹ ወረቀቶች የታችኛው መደርደሪያ ላይ ስለነበሩ፣ ከላያቸው የወደቁት የእንግሊዝ መዝገቦች ከለሏቸው ይባላል። መዝገብ ቤቱን የሚጠብቀው ቫን ላር የደከመበት ትርጉም ግን ነደደ። እንደገና ጀመረ። ከ1974 ወዲህ ደግሞ ቻርልስ ጌሪንግ ሥራውን ተረክቦ ለአሥርት ዓመታት ተረጎመ። ዛሬ ትርጉሞቹን በኒው ኔዘርላንድ ኢንስቲትዩት ድረ ገጽ በነፃ ማንበብ ትችላላችሁ። እነዚህን ሰዎች ሳላመሰግን አላልፍም።

ፒተር ዕድለኛ ነው፤ የቀጣሪው ወረቀት ቆይቷል። መርከቧ ስሟን ያገኘችበት ሬንሴላርስዋይክ የአንድ የአምስተርዳም ነጋዴ ርስት ነበር፣ በዛሬው ኦልባኒ ዙሪያ። የርስቱ ወረቀቶች በ1908 በእንግሊዝኛ ታትመዋል፤ ሰፋሪዎቹ በመጡበት ዓመትና መርከብ ተዘርዝረዋል። ፒተር ለአንድ ገበሬ 6 ዓመት ሊያገለግል ተዋውሎ ነበር፤ ለመጀመሪያዎቹ ሦስት ዓመታት በዓመት 50 ጊልደር፣ ለኋለኞቹ ሦስት 75። ከዚያ በኋላ አግብቶ ወደ ሎንግ አይላንድ ወረደ፤ የገዥውን የፒተር ስታይቬሰንትን እርሻና ከብት ለመጠበቅም ተዋዋለ።

አምስተርዳም ውስጥ የሚታየው የከተማው መዝገብ ቤት ነው፤ በድረ ገጹ ስም መፈለግ ይቻላል። ከሁሉ የጋብቻ ማስታወቂያ መዝገቡን አስቀድሙ፤ የሙሽሮቹን ዕድሜ፣ የትውልድ ቦታና ሥራ ይናገራል። የኖታሪ፣ ማለትም የውል አጽዳቂ፣ ውሎችም አሉ፤ ወደ አሜሪካ የሚሄድ ሰው ከመነሳቱ በፊት ውል ይፈራረማልና።

ሰውየው ሆላንዳዊ ላይሆን እንደሚችልም አስቡ። ብዙዎቹ ጀርመን፣ ኖርዌይ፣ ዴንማርክ ወይም ፈረንሳይኛ ተናጋሪ ዋሎን ነበሩ። ፒተር ራሱ የመጣው ዛሬ ጀርመን ውስጥ ካለችው ከምሥራቅ ፍሪስላንድ፣ ከኖርደን አካባቢ ነው። አያቶች «ደች ነን» ስላሉ ብቻ ኔዘርላንድ ውስጥ ስትዳክሩ አትኑሩ።

የተፈበረከ ዘር

በኢንተርኔት የምታገኙት የዘር ሐረግ አብዛኛው አንዱ ከሌላው የቀዳው ነው። ፒተርን ለረጅም ጊዜ በዚያው ዘመን የኖረ የአንድ ክላስ ኮርኔሊሰን ልጅ ሲያደርጉት ኖሩ። ምክንያቱ አባቱ ክላስ መባሉ ብቻ ነው። ኋላ ያጠኑት ሰዎች ውድቅ አደረጉት፤ ዛሬም ግን በየድረ ገጹ ይዞራል። ክላስ በዚያ ዘመን የስንቱ ስም እንደነበር አስቡት።

የባሰው የአኔከ ያንስ ነገር ነው። አኔከ ከኖርዌይ የመጣች፣ በ1630 ከባሏ ጋር ሬንሴላርስዋይክ የደረሰች ሴት ናት። በ1663 አረፈች። ማንሃተን ላይ 62 ኤከር እርሻ ነበራት፤ መሬቱ በኋላ የትሪኒቲ ቤተ ክርስቲያን ሆነ። ዘሮቿ በፍርድ ቤት ለዓመታት ተከራክረው ተሸነፉ። አጭበርባሪዎች ይህን አይተው፣ የአኔከ አያት የሆላንዱ ልዑል ዊልያም ነው፣ ውርሱም እየጠበቃችሁ ነው እያሉ ከየዋሁ ገንዘብ ሰበሰቡ። ጉስታቭ አንዡ የሚባል ሰውም በ20ኛው ክፍለ ዘመን መባቻ ለሀብታም አሜሪካውያን የፈጠራ የዘር ሐረግ እየጻፈ ይሸጥ ነበር። የእናንተ ሰው በድንገት የመስፍን ልጅ ሆኖ ከተገኘ፣ ወረቀቱ የታለ በሉ።

የእኔ አሠራር ይህ ነው። ለአንድ ሰው አንድ ገጽ። ከላይ ስሙ በተጻፈበት መልክ ሁሉ። ከዚያ «የእገሌ ልጅ ነው» የሚለው አረፍተ ነገር፣ ከሥሩ ያን የሚናገረው ወረቀት። ወረቀት ከሌለው ቦታውን ክፍት እተወዋለሁ።

ስማቸው በኑዛዜ መሐል ያለ ሰዎች

የሆላንድ ቤተሰብ ኑዛዜ ስታነቡ ከላምና ከአልጋ ጋር የሰው ስም ታገኛላችሁ። ኒው አምስተርዳም ገና ስትመሠረት ጀምሮ ኩባንያው አፍሪካውያንን በባርነት ያሠራ ነበር። በኋላ የኪንግስ ካውንቲ የሆላንድ ገበሬዎች በየእርሻው ባሪያ ያዙ። በ1790 ቆጠራ ከካውንቲው 4,495 ነዋሪ 1,432ቱ ባሮች ነበሩ። በኒው ዮርክ ባርነት ሙሉ በሙሉ የቆመው በ1827 ነው። የፀረ ባርነት ታጋይዋ ሶጆርነር ትሩዝ በኒው ዮርክ አልስተር ካውንቲ የደች ተናጋሪ ቤት ውስጥ በባርነት ተወልዳ፣ መጀመሪያ አፏን የፈታችው በደች ነበር።

ይህ የልጆቼ ታሪክ ስለሆነ አላልፈውም። እናንተም አትለፉት። በኑዛዜ፣ በንብረት ዝርዝርም ሆነ በጥምቀት መዝገብ የባሪያ ስም ስታገኙ ገልብጡት፦ ስሙን፣ ዕድሜው ካለ ዕድሜውን፣ ከማን ወደ ማን እንደተላለፈ፣ እናትና ልጅ አብረው ከተጠቀሱ እሱንም። በ1870 ቆጠራ የሆላንድ ስም ይዘው የምታዩአቸው ጥቁር ቤተሰቦች የእነዚህ ሰዎች ልጆች ሊሆኑ ይችላሉ። የእነሱ የልጅ ልጆች ዛሬ ዘራቸውን ሲፈልጉ የሚያገኙት የባለቤቱን ወረቀት ብቻ ነው፤ ያ ወረቀት ደግሞ ብዙ ጊዜ ያለው በእናንተ አማት መሳቢያ ውስጥ ነው። ቅጂውን ለካውንቲው የታሪክ ማኅበር ስጡ። ስሞቹንም ከቤተሰቡ ስሞች ጋር በዚያው ገጽ ላይ ጻፉ፣ በግርጌ ሳይሆን።